በሸራ የተሸፈነው አውሮፕላን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ስለ አሮጌ አውሮፕላኖች እድሳትና በሥራው ዙሪያ ስላለው ምስጢር የተላኩልን ናቸው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ የተጻፉት ለይተው ተጠቅሰዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ከለንደን ወጣ ባለ ከተማ ነው። በአቅራቢያችን ባለች ትንሽ አየር ማረፊያ ጥግ ላይ አንድ ሃንጋር አለ። በሩ ገርበብ ሲል በሸራ የተሸፈነ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን የስፒትፋየር ክንፍ የሚመስል ነገር አይቻለሁ። ሠራተኞቹን ስጠይቅ «ገና ብዙ ይቀረዋል» ብለው ያልፉኛል። የሚደብቁት ሕገ ወጥ ነገር ስላለ ይሆን?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይደለም። በዚህ ሙያ ዝምታ የተለመደ ነው፤ በቂ ምክንያትም አለው።

የመጀመሪያው ምክንያት ቦታ ነው። ረግረግ ውስጥ ወይም በረዶ ላይ የወደቀ አውሮፕላን የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ትልቁ ሀብቱ ያ እውቀት ነው። ወሬው ከወጣ ሌላ ቡድን ይቀድመዋል፤ ካልሆነም ማስታወሻ ፈላጊዎች መጥተው ይቆራርሱታል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1942 ፓፑዋ ኒው ጊኒ ረግረግ ላይ በሆዱ ያረፈው ቢ-17 ቦምብ ጣይ ለዚህ ምስክር ነው። ቦታው ከታወቀ በኋላ በ2006 ተነሥቶ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ዕቃው ተነቅሎ ሄዷል። ዛሬ የሚገኘው ሃዋይ፣ ፐርል ሃርበር ባለው ሙዚየም ነው።

ሁለተኛው ባለቤትነት ነው። በብሪታንያ በ1986 የወጣው ሕግ የወደቀ ወታደራዊ አውሮፕላንን ያለ መከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ መቆፈርና መነካካት ይከለክላል። ቦታው ላይ የአብራሪው አስከሬን ወይም ያልፈነዳ መሣሪያ ይኖራል ተብሎ ከታሰበ ፈቃዱ አይገኝም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ መልሱ እንደ ጦር ክፍሉ ይለያያል። አየር ኃይሉ ከኖቬምበር 19 ቀን 1961 በፊት በወደቁ አውሮፕላኖች ላይ የባለቤትነት ጥያቄ አያነሣም። ባሕር ኃይሉ ግን የኔ የነበረ ምንጊዜም የኔ ነው ባይ ነው። በ2004 አንድ የሚኒሶታ ነዋሪ ከረግረግ አውጥቶ ለማደስ በያዘው የብሩስተር ኩባንያ ሥሪት ኮርሴር የባሕር ኃይል ተዋጊ አውሮፕላን ምክንያት በመንግሥት ተከስሶ ነበር፤ አውሮፕላኑ ለሰውየው የጸናለት ኮንግረስ ጣልቃ ከገባ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲሰማ ዶሴው ንጹሕ የሆነውም ሰው በሩን መዝጋት ይጀምራል።

የቀረው ንግድ ነው። የሞተር ክፍል ማን ጋር እንዳለ፣ የትኛው አሮጌ ባለሙያ የነዳጅ መስጫውን መልሶ እንደሚገጣጥም፣ ለአንድ የማረፊያ እግር ስንት እንደተከፈለ ማንም አደባባይ አያወጣም። የመጀመሪያው በረራ ቀንም ይደበቃል። ሕዝብ ከተሰበሰበ አብራሪው ላይ «ዛሬ መነሣት አለብኝ» የሚል ጫና ይፈጠራል፤ በዚያ ቀን ደግሞ ትንሽ የዘይት ግፊት መዋዠቅ ሲታይ ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ መቻል አለበት።

ማወቅ ከፈለጉ ሕጋዊ መንገድ አለ። በጭራው አካባቢ «ጂ» ብሎ የሚጀምር የምዝገባ ፊደል ካዩ በብሪታንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሕዝብ መዝገብ ላይ የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ የሥሪት ቁጥሩንና የተመዘገበ ባለቤቱን ያገኛሉ። ሃንጋሩ ጋ ሲሄዱ ደግሞ «የማን ነው?» ብለው አይጀምሩ። «ክንፉ የስንተኛው ሞዴል ነው?» ይበሉ። ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ያስፈቅዱ፤ የመለያ ሰሌዳውንና የሃንጋሩን ቁጥር አያንሡ። ቅዳሜ ጠዋት መጥረጊያ የሚይዝ ሰው እንደሚፈልጉ ቢጠይቁ መልሱ ብዙ ጊዜ እሺ ነው።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን አካባቢ ነው የምኖረው። አንድ የታደሰ አውሮፕላን «ኦሪጅናል» ነው ሲባል ምን ማለት ነው? አብዛኛው አዲስ ላሜራ ነው ይባላል። ታዲያ እየደበቁን ነው?

መልስ፦ እዚህ ላይ ዝምታው ሌላ ነገር ይሆናል። ቦታን፣ ዋጋንና የበረራ ቀንን መደበቅ የባለቤቱ መብት ነው። ምኑ እንደተተካ መደበቅ ግን ገዢንም፣ አብራሪንም፣ ታሪክንም ማታለል ነው።

የአውሮፕላን ማንነት የሚያርፈው በአምራቹ መለያ ሰሌዳና በሰነዶቹ ላይ ነው። ስለዚህ ከተሰባበረ አካል ላይ የተገኘች የመዳፍ ያህል ሰሌዳ ከቀረው ብረት ሁሉ የበለጠ ዋጋ ታወጣለች። የአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ ክፍል 45.13 ይህን ሰሌዳ ያለ ፈቃድ መንቀልን፣ መለወጥንና ሌላ አካል ላይ መለጠፍን የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ነው።

በስፒትፋየር ላይ ቁጥሮቹን ማንበብ የሚችል ሰው ብዙ ይገባዋል። በ300 የሚጀምር የክፍል ቁጥር ለመጀመሪያው ሞዴል የተነደፈ ክፍል ነው፤ በ361 የሚጀምር የማርክ 9 (የዘጠነኛው ሞዴል) ነው። «6ኤስ» የሚል የተቆጣጣሪ ማኅተም የአምራቹ የሱፐርማሪን ነው፤ «ሲ.ቢ.ኤ.ኤፍ.» የካስል ብሮምዊች ፋብሪካ ነው። ማርክ 9 ላይ የ300 ቁጥር ማግኘት ማጭበርበር አይደለም፤ ያልተለወጠ ክፍል የድሮ ቁጥሩን ይዞ ቀጥሏልና። የ361 ክፍል በማርክ 1 ላይ ከተገኘ ግን ከየት እንደመጣ ይጠይቁ።

ፒ9374 የተባለው ስፒትፋየር ጥሩ ምሳሌ ነው። በግንቦት 1940 ካሌ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ አረፈ፤ በ1980 አሸዋው ገልጦት ታየ፤ በ2011 ዳግም በረረ፤ በ2015 በጨረታ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣ። ለአርባ ዓመት ጨዋማ አሸዋ ውስጥ የኖረ አልሙኒየም ተሸክሞ አይበርም፤ ስለዚህ ብዙው አካል አዲስ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ይህም ነውር የለበትም። አንድ የታደሰ አውሮፕላን ሲቀርብልዎ ከመፈታቱ በፊት የተነሡ ፎቶዎችን፣ የተተኩ ክፍሎችን ዝርዝር፣ የአዲሱን ላሜራ የቅይጥ የምስክር ወረቀትና የተወገዱት አሮጌ ክፍሎች የት እንደተቀመጡ ይጠይቁ። እነዚህን ማሳየት ያልቻለ አዳሽ ላይ ጥርጣሬ ቢያድርብዎ አይፈረድብዎትም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የአውሮፕላን ጥገና ተማሪ ነኝ። የአሮጌ አውሮፕላን ላሜራ እንዴት ነው የሚፈታውና መልሶ የሚመታው? ለምንስ ዓመታት ይፈጃል?

መልስ፦ ሥራው ካልተቸኮለ ቀላል ነው፤ የሚበላሸው በችኮላ ነው።

ሁሉንም ላሜራ በአንድ ጊዜ አይንቀሉ። የአውሮፕላን አካል ጥንካሬውን የሚያገኘው ከቆዳው ነው፤ ያለ ጂግ (ቅርጹን ጠብቆ የሚይዝ መደገፊያ) ከተገፈፈ ይጠማዘዛል፤ አዲሱ ላሜራ ሲመታበት ደግሞ ጥምዝማዜው ተቆልፎበት ይቀራል። አካሉን ጂግ ላይ አስረው አንድ ላሜራ ይንቀሉ፣ ይተኩ፣ በክሌኮ (በጊዜያዊ ማያያዣ) ያያይዙ፣ ልኩን ያረጋግጡ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሂዱ።

ሪቬት (ላሜራዎቹን የሚያያይዝ፣ ተመትቶ የሚቆለፍ ሚስማር) ሲያወጡ የጭንቅላቱን መሃል በፑንቶ ይምቱ። ከሪቬቱ ጋር እኩል ወይም አንድ ቁጥር ባነሰ ፑንታ የጭንቅላቱን ውፍረት ያህል ብቻ በትራፓኖ ይብሱ፤ ጭንቅላቱን ነቅለው ግንዱን ከኋላ በእንጨት ወይም በብረት እየደገፉ በቀስታ ያስወጡ። ብዙ ጀማሪ እስከ ውስጥ ይበሳና የላሜራውን ቀዳዳ ሞላላ ያደርገዋል። ቀዳዳው ከሰፋ አንድ መጠን ከፍ ያለ ሪቬት መግጠም ይቻላል፤ ግን ከቀዳዳው መሃል እስከ ላሜራው ጠርዝ ያለው ርቀት ከአዲሱ ሪቬት ዲያሜትር ሁለት እጥፍ ካነሰ ላሜራው ራሱ መተካት አለበት። በሪቬትና በሪቬት መካከል ደግሞ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይተው።

ለ3/32 ኢንች ሪቬት ቁጥር 40 ፑንታ፣ ለ1/8 ቁጥር 30፣ ለ5/32 ቁጥር 21 ይጠቀሙ። የሪቬቱ ርዝመት የላሜራዎቹ ጠቅላላ ውፍረት ሲደመር የሪቬቱ ዲያሜትር አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ተመትቶ የሚሠራው ጭንቅላት ስፋቱ የዲያሜትሩ አንድ ተኩል፣ ቁመቱ የዲያሜትሩ ግማሽ መሆን አለበት። ከዚያ ከጠፈጠፈ ከልክ በላይ ተመትቷል፤ ጫፉ ይሰነጠቃል።

የአሜሪካ ሪቬቶችን ጭንቅላት ያንብቡ። ትንሽ ጉድጓድ ያለው ኤ.ዲ. የሚባለው ሲሆን እንደመጣ ይመታል። ሁለት ወጣ ያሉ ሰረዞች ያሉት ዲ.ዲ. ነው፤ «2024» በሚባለው የአልሙኒየም ቅይጥ የተሠራ ነው፤ እንዲሁ ከተመታ ይሰነጠቃል። በ490 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሞቆ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መግባትና ከዜሮ በታች በሆነ ማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት። ከማቀዝቀዣ ከወጣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይመታል። ካለፈ አይጣልም፤ እንደገና ይሞቃል። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ የሚበቃችሁን ብቻ አውጡ።

የእንግሊዝ አውሮፕላን ከሆነ ብሎንና ዳዶው የራሱ ጥርስ አለው፤ የአሜሪካው አይገባበትም። ተመሳሳይ የሚመስለውን በኃይል ማስገባት ማያያዣውን ያበላሻል፤ ችግሩም ብሎኑ ሲታሰር ሳይሆን በበረራ ንዝረት ነው የሚገለጠው።

ዓመታት የሚፈጀው ደግሞ ላሜራው ብቻ አይደለም። ዝገቱ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። ከላይ ቀለሙ ያበጠ ብቻ የሚመስል ወፍራም የክንፍ ክፍል ሲነካ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል፤ ያ ክፍል መፋቅና መቀባት አያድነውም፤ ይተካል። የማግኒዚየም ክፍሎች፣ ለምሳሌ የጎማ ቸርኬና የሞተር ሽፋን፣ ከዚህ የባሰ ይበላሉ። አሮጌውን አረንጓዴ ወይም ቢጫ አንቲሩጅን ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉ። ክሮሜት አለበት፤ አቧራው ካንሰር ያመጣል። አርጥበው በጭምብልና በጓንት ይሥሩ።

ጥያቄ፦ ለብዙ ዓመት የቆመ፣ ሲሊንደሮቹ ዙሪያውን እንደ ኮከብ የተደረደሩ ክብ ሞተር አለን። ጓደኞቼ «አንዴ ብናስነሣው» ይላሉ። እኔ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ ፍርሃትዎ ትክክል ነው። በክብ ሞተር ላይ የታችኛዎቹ ሲሊንደሮች አፋቸውን ወደ ታች የዘቀዘቁ ናቸው፤ ዘይት እየሾለከ እነሱ ውስጥ ይጠራቀማል። ዘይት አይታመቅም፤ ሞተሩ ሲዞር ፒስተኑ ዘይቱን ይገፋና ቢየላው (ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ይታጠፋል። ምንም ሳይታወቅ ሞተሩ ሊነሣም ይችላል፤ የታጠፈው ቢየላ የሚሰበረው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ማግኔቶዎቹ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያመነጩት) መዘጋታቸውን ያረጋግጡ፤ ያም ሆኖ ፕሮፔለሩን ሁልጊዜ ሕያው እንደሆነ ቆጥረው ይቅረቡት። የታችኞቹን ካንዴላዎች ሁሉ አውጥተው ዘይቱን ወደ ባልዲ ያፍስሱ። የቆመ ሞተር ውስጥ በእያንዳንዱ ካንዴላ ቀዳዳ አዲስ ዘይት ነጠብ ያድርጉና ቀናት ይጠብቁ። በአነስተኛ የምርመራ ካሜራ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዝገት ይዩ። ከዚያ ፕሮፔለሩን በእጅ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ፣ ቀስ ብለው ያዙሩ። ከያዘ ወደ ኋላ አይመልሱት። ወደ ኋላ ማዞር ዘይቱን ወደ ማስገቢያ ቱቦው ይገፋዋል፤ ሞተሩ ሲነሣ ያው ዘይት ተመልሶ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል። የካንዴላው ቦታ ላይ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ንጥረ ነገር) ያለበት መዝጊያ ካለ ቀለሙን ይዩ፤ ሰማያዊ ከሆነ ደረቅ ነው፤ ሮዝ ከሆነ እርጥበት ገብቷል።

ችኮላ የሚያስከፍለውን ለማወቅ በ1947 ግሪንላንድ በረዶ ላይ ያረፈውን «ኪ በርድ» የተባለ ቢ-29 ቦምብ ጣይ ያስታውሱ። በ1995 አዳሾቹ በቦታው የታደሱ ሞተሮችና አዲስ ፕሮፔለሮች ገጥመውለት ለመነሣት ሲንደረደር፣ የረዳት ኃይል ማመንጫው ነዳጅ ፈስሶ እሳት ተነሣና አውሮፕላኑ እዚያው ተቃጠለ። አብረው ከሠሩት ባለሙያዎች አንዱ ከዚያ በፊት በሕመም ሕይወቱ አልፎ ነበር።

የድሮ የመሣሪያ ሰዓቶች ከተገኙ ደግሞ መስታወታቸውን አይክፈቱ። በጨለማ እንዲያበሩ ብዙዎቹ በራዲየም ቀለም የተቀቡ ናቸው። ዛሬ ስለማያበራ ሞቷል ብለው አያስቡ፤ የሞተው የሚያበራው ንጥረ ነገር ነው፤ ራዲየሙ ግን ግማሹ እስኪጠፋ 1,600 ዓመት ይፈጃል። የተሰነጠቀውን በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ዘግተው ከሰው መኖሪያ አርቀው ያስቀምጡ፤ አይፋቁ፣ አይንፉ።

ጥያቄ፦ በርማ ውስጥ በሣጥን የተቀበሩ ስፒትፋየሮች አሉ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አልተገኙም። በጃንዋሪ 2013 በቀድሞው ሚንጋላዶን አየር ማረፊያ የተካሄደው ቁፋሮ አንድም አውሮፕላን ሳያገኝ ቆመ፤ ገንዘቡን የሰጠው ድርጅትም ከጥናቱ በኋላ አውሮፕላን አልተቀበረም ሲል ገለጸ። ምስጢር ሲረዝም ወሬ ማስረጃ ይመስላል። የምድር ውስጥ መመርመሪያ መሣሪያ ብረት አለ ይላል እንጂ ምን ብረት እንደሆነ አይናገርም። እንዲህ ያለ ዜና ሲሰሙ የመላኪያ መዝገብ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ።

እውነተኛው ግኝት ብዙ ጊዜ ወረቀት ነው። በ2017 ዌልስ፣ ብሮተን ባለ የአውሮፕላን ፋብሪካ ሊፈርስ ጥቂት በቀረው ሕንጻ ውስጥ ከ20,000 በላይ የሞስኪቶ አውሮፕላን ንድፎች በማይክሮፊልም ካርዶች ተገኙ። ሞስኪቶ ከቀጭን የበርች እንጨትና ከባልሳ የተጣበቀ ነው፤ ሙጫው በእርጥበት ይለቃል፤ አሮጌውን አካል ማዳን ብዙ ጊዜ አይቻልም። ያለ ንድፍ ደግሞ አዲስ አይሠራም። በ2012 ኒውዚላንድ ላይ አንድ ሞስኪቶ ዳግም የበረረው የእንጨት አካሉ በአዲስ ቅርጽ ማውጫ ከተሠራ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ «ፀሐይ» አውሮፕላን ከጣሊያን ተመልሳለች። ጠግነን ብናበራት አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም፤ በዚህ አቋማችን ጽኑ ነው። ፀሐይ በ1935 በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነት ኢትዮጵያውያን ተሳትፈውባት አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራች፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች አውሮፕላን ናት። ጣሊያኖች ወስደዋት ለአሥርት ዓመታት ከሮም አቅራቢያ በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ቆይታ በጃንዋሪ 2024 (ጥር 2016 ዓ.ም.) ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

ለመብረር ሸራዋ፣ መጣበቂያዎቿ፣ ገመዶቿና የሞተሯ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች መተካት አለባቸው። እያንዳንዱ የሚተካው ነገር በ1935 የሠሩት እጆች አሻራ ነው። መብረር የሚፈለግ ከሆነ ትለካ፣ ንድፏ ይሳል፣ ቅጂዋ ይሠራ፤ ቅጂው ይብረር። ዋናዋ ግን በቀጥታ የፀሐይ ብርሃን እንዳይመታት፣ እርጥበቷ ከፍና ዝቅ እንዳይል ሆና ትጠበቅ። ክብደቷ ጎማዋ ላይ እንዳያርፍ አካሏን ከታች የሚደግፍ መቆሚያ ይሠራላት፤ ቀለሟ አዲስ እንዲመስል አይነካ። ሁኔታዋን የሚገልጽ ሙሉ ዝርዝር ከፎቶ ጋር ለሕዝብ ቢወጣ ደግሞ ለአገራችን ተማሪዎች ትልቅ መማሪያ ይሆናል፤ ይህን ለመደበቅ ምንም ምክንያት አይታየንም።

ከኢትዮጵያ ሰማይ የወጡ ሌሎችም አሉ። ካናዳ በ1950ዎቹ ለአየር ኃይላችን ከሸጠቻቸው ፌይሪ ፋየርፍላይ አውሮፕላኖች ሁለቱ በ1990ዎቹ ተመልሰው ሄደው ዛሬ በኦታዋና በሼርዋተር ሙዚየሞች ይገኛሉ። እዚያ የምትኖሩ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ አሳዩአቸው።

ጥያቄ፦ እኛ አካባቢ፣ ከደሴ ራቅ ባለ ገደል ውስጥ፣ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ የአውሮፕላን ብረት አለ ይባላል። ልጆች እየቆራረጡ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይሸጣሉ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ልጆቹን ያርቁ። ቦምብ፣ የመትረየስ ጥይትና የታመቀ የኦክስጅን ጠርሙስ ከሰማንያ ዓመት በኋላም ሊፈነዱ ይችላሉ። ረዥም፣ ጭራ ያለው ወይም ክብ ሲሊንደር ነገር ካለ አይንኩ፤ ለፖሊስ ያመልክቱ። አጥንት ከተገኘ ደግሞ አፈሩን አይገልብጡ።

ከዚያ ሳይነቅሉ ይመዝግቡ። መጀመሪያ ከሩቅ መልክዓ ምድሩን፣ ቀጥሎ ከቅርብ እያንዳንዱን ቁራጭ በስልክ ያንሡ፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ እስክሪብቶ ወይም ሜትር ያስቀምጡ። የጣሊያን ወታደራዊ አውሮፕላን ከሆነ «ኤም.ኤም.» ብለው የሚጀምሩ ፊደላትና ቁጥሮች ይፈልጉ፤ የዚያች አውሮፕላን የግል መለያዋ ናቸው። በዚያን ጊዜ እዚህ ይበሩ የነበሩት እንደ ካፕሮኒና ሳቮያ-ማርኬቲ ያሉት ብዙዎቹ የብረት ቱቦ፣ ሸራና እንጨት ድብልቅ ነበሩ። ሸራውና እንጨቱ በስብሷል፤ የሚቀረው ቱቦውና ሞተሩ ነው። የሞተሩ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ስለዚህ ዋነኛው ፍንጭ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው የቅርስ ባለሥልጣን የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ፎቶውንና የቦታውን መግለጫ በጽሑፍ ይስጡ፤ የተቀበሉበትን ማኅተም ያስመቱ፤ ቅጂ ይያዙ። ትክክለኛውን ቦታ በፌስቡክም ሆነ በቴሌግራም አይለጥፉ። የብረት ነጋዴው ከጽሕፈት ቤቱ ቀድሞ ይደርሳልና።